ለስቱዲዮ ፍላሽ ባትሪ ስትሠሩ መጀመሪያ ምን ትጠይቃላችሁ?

ስለ ባትሪ ሳጥኔ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሌም የሚጀምሩት ከአንድ ጥያቄ ነው። "ስንት አምፔር-ሰዓት ነው?" ይሉኛል። ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይይዛል ማለታቸው ነው። ጥያቄው አይከፋም። ለኤልኢዲ መብራት ከሆነ እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። ለስቱዲዮ ፍላሽ ግን የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ይሄ ባትሪ ባንዴ ስንት አምፔር ይሰጣል?

እኔ በብዛት የማነሳው ሰው ነው። ከቤት ውጭ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ያን ሰዓት በጣም እወደዋለሁ። ሰማዩ ገና ቀለም አለው፣ ፊት ላይ ግን ብርሃን የለም። ካሜራ ላይ የምትሰካዋ ትንሿ ፍላሽ ትልቅ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ውስጥ ስትገባ አቅም ያንሳታል። የስቱዲዮው ፍላሽ አቅም አለው፤ ግን ሶኬት ይፈልጋል። ጀነሬተር ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ለመሸከምም አይመችም። ከሁሉም በላይ የሚነሳው ሰው ሐሳብ ይበተናል። ለኔ ፎቶ ማለት ከሰውየው ጋር የማደርገው ጨዋታ ስለሆነ፣ እየጮህኩ ማውራት አልፈልግም። ስለዚህ ድምፅ የሌለው ሶኬት ራሴ መሥራት ነበረብኝ።

ከባትሪው በፊት ፍላሹ ራሱ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ፍላሽ ከሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ብርሃን አይቀይርም። መጀመሪያ ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅመዋል። የካሜራውን ቁልፍ ስትጫኑ የተጠራቀመው ሁሉ በሺኛ ሰከንድ ገደማ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ይለቀቃል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤድገርተን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ፍላሽን ሲያሳድግ የተጠቀመበት መንገድ ይሄው ነው። ቀስ ብሎ መሙላት፣ ባንዴ መልቀቅ። ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም።

ቀስ ብሎ ያልኩት ከብልጭታው ጋር ሲነጻጸር ነው። ለባትሪው ግን ቀስ ማለት አይደለም። የኔ ፍላሽ 400 ጁል ነው። በሙሉ ኃይል ከተተኮሰ በኋላ እንደገና ለመሙላት አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። 400 ጁል በአንድ ሰከንድ ማለት 400 ዋት ነው። በመንገድ ላይ ደግሞ ብክነት አለ። የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ 230 ቮልት የሶኬት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ይበላል፣ የፍላሹ የራሱ መሙያ ይበላል፣ ሽቦውም ትንሽ ይበላል። እኔ ስሠራ ከባትሪው የሚወጣውን 600 ዋት አድርጌ ነው የማስበው። ባትሪው 12.8 ቮልት ከሆነ 600ን ለ12.8 ስናካፍል 47 አምፔር ይመጣል።

47 አምፔር! ለአንድ ሰከንድም ቢሆን ብዙ ነው። አሁን ብዙ ሰው የሚሞክረውን ትንሽ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የሊድ-አሲድ ባትሪ አስቡ። የኮምፒውተር ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባውን ማለቴ ነው። በወረቀት ላይ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ይሄ ከ300,000 ጁል በላይ ነው። አንድ ብልጭታ ከባትሪው 600 ጁል ስለሚወስድ፣ ለ600 ስታካፍሉት 500 ብልጭታ ይሰጣችኋል። ደስ ይላል። ሜዳ ላይ ግን እንደዚያ አይሆንም። በርሜሉ ሙሉ ቢሆንም ቧንቧው ቀጭን ነው። 47 አምፔር ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኢንቨርተሩም ባትሪው ያለቀ መስሎት "ጢጢጢ" ብሎ ይዘጋል። ባትሪው ግን አላለቀም።

ሌላም ነገር አለ። 7 አምፔር-ሰዓት የሚለው ቁጥር የሚለካው ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ነው። በኃይል ከተሳበ የሚሰጠው ጠቅላላ መጠን ራሱ ይቀንሳል። ይሄን ፖይከርት የሚባል ጀርመናዊ በ1897 (እ.ኤ.አ.) በቀመር አስቀምጦታል። በዚያ ላይ ሊድ-አሲድ ሁልጊዜ እስከ ታች ከተሟጠጠ ዕድሜው ቶሎ ያልቃል። ግማሹን ብቻ መጠቀም ነው የሚመከረው። ስለዚህ ያ 500 ብልጭታ ወረቀት ላይ ይቀራል።

እኔ የመረጥኩት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። በአጭሩ ኤልኤፍፒ ይሉታል። የዚህ ዓይነቱን ባትሪ መሠረት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጣለው የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የጆን ጉዲናፍ ቤተ ሙከራ ነው። ሰውየው በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ97 ዓመቱ ለሊቲየም ባትሪ ሥራው ኖቤል ተሸልሟል። ለኔ ሥራ ዋናው ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙ አምፔር ሲጠየቅ ቮልቴጁ ብዙም አይወርድም። ሁለተኛ፣ ላፕቶፕ ውስጥ ከሚገቡት የሊቲየም ዓይነቶች ይልቅ ሙቀትን ይችላል፤ በቀላሉ ወደ እሳት አይሄድም። ሰው አጠገብ የማስቀምጠው ሳጥን ስለሆነ ይሄኛው ለኔ ከክብደትም፣ ከመጠንም ይበልጣል። ክብደቱም ቢሆን ተመሳሳይ አምፔር-ሰዓት ካለው ሊድ-አሲድ ከግማሽ በታች ነው።

አንድ የኤልኤፍፒ ሴል 3.2 ቮልት ነው። አራቱ በተከታታይ ሲታሰሩ 12.8 ይሆናሉ፤ ሲሞሉ 14.6 ይደርሳሉ። የኔዎቹ 20 አምፔር-ሰዓት ናቸው። ስትገዙ ጀርባው ላይ ወይም በመረጃ ወረቀቱ ላይ "ሲ" የሚል ቁጥር ፈልጉ። 1ሲ ማለት ባለ 20 አምፔር-ሰዓቱ ሴል 20 አምፔር ያለማቋረጥ ይሰጣል ማለት ነው። ለኔ 47 አምፔር ይሄ አይበቃም። 3ሲ ከሆነ 60 ይሰጣል፤ ይበቃል። ለሶላር ታስበው የተሠሩ ትልልቅ ሴሎች ብዙ ጊዜ 1ሲ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ብዙ ይይዛሉ፣ ሲሰጡ ግን ቁጥብ ናቸው። መጀመሪያ ያልኳችሁ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው።

ሴሎቹን ከማሰራችሁ በፊት እያንዳንዱን ለኩ። እኔ አራቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ በቴስተር ስለካቸው ሦስቱ 3.30፣ አንዱ 3.21 አሳዩ። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። ኤልኤፍፒ ግን ከሙሉ እስከ ባዶ ድረስ ቮልቴጁ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ፣ ይቺ ትንሽ ልዩነት ብዙ ትናገራለች። ያ ሴል ከሌሎቹ በጣም የጎደለ ነው። እንዲሁ በተከታታይ ቢታሰር መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው፤ እሱ ሲያልቅ ደግሞ መከላከያው ሁሉንም ይዘጋል። ሦስቱ ገና ሳያልቁ ሳጥኑ ባዶ ነኝ ይላችኋል ማለት ነው። መፍትሔው ሁሉንም በትይዩ አስሮ፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ፣ በሚስተካከል የኃይል ምንጭ 3.65 ቮልት እስኪደርሱ ቀስ ብሎ መሙላት ነው። ጊዜ ይፈጃል። ግን ዝለሉት አልላችሁም።

መከላከያ ያልኩት ቢኤምኤስ የሚባለውን ሰሌዳ ነው። ሴሎቹ ከልክ በላይ እንዳይሞሉ፣ ከልክ በታች እንዳይወርዱ፣ ሾርት ሲፈጠር እንዲዘጋ ይጠብቃል። እኔ 100 አምፔር ያለማቋረጥ የሚችል ነው ያስገባሁት። 60 የሚለው በወረቀት ይበቃ ነበር፤ ፍላሽ ግን በአማካይ 47 ቢስብም መሙላት ሲጀምር ለአፍታ ከዚያ በላይ ይዘላል። በፎቶ መሃል የሚዘጋ ቢኤምኤስ በጣም ያበሳጫል። ሰውየው ፈገግ ሲል መብራቱ የለም።

ኢንቨርተር ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ ንጹሕ ሳይን ዌቭ እና ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ። ልዩነቱ የሚያወጡት ኤሌክትሪክ የሞገድ ቅርጽ ነው፤ የመጀመሪያው እንደ ግድግዳ ሶኬት ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ርካሽ ነው። ማራገቢያ ያዞራል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ፍላሽ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። የ230 ቮልት መስመር ሞገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ 325 ቮልት ገደማ ነው፤ ብዙ ፍላሾች ካፓሲተራቸውን የሚሞሉት ከዚህ ጫፍ ነው። ሞዲፋይድ የሚባለው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ስለሆነ ጫፉ ከዚያ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ባትሪው ሲደክምም አብሮ ይወርዳል። ውጤቱ ፍላሹ በደንብ ሳይሞላ "ዝግጁ ነኝ" እስኪል መጠበቅ፣ ወይም አንዱ ፎቶ ደምቆ ቀጣዩ መጨለም ነው። ዲጂታል መቆጣጠሪያ ያላቸው አንዳንድ ፍላሾች ጭራሽ አይስማማቸውም፤ ያጉረመርማሉ፣ ይሞቃሉ። ንጹሕ ሳይን ዌቭ ግዙ። መጠኑም ከምታሰሉት በላይ ይሁን። እኔ ለ600 ዋት ስሌት 1,000 ዋት የሚችል ነው የተጠቀምኩት።

ሽቦው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የቤት ሽቦ ይዞ ይመጣል። ኢንቨርተሩ ወጪው ላይ 230 ቮልት ስለሆነ አምፔሩ ትንሽ ነው፤ እዚያ ቀጭን ሽቦ ችግር የለውም። መግቢያው ላይ ግን 12 ቮልት ስለሆነ አምፔሩ ብዙ ነው። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አንድ ሜትር ሄዶ አንድ ሜትር ቢመለስ፣ በ47 አምፔር 0.66 ቮልት ገደማ ሽቦው ላይ ይቀራል። ያ ቮልቴጅ ወደ ሙቀት ይቀየራል። በ16 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። እኔ 16 ተጠቅሜ ርዝመቱን ደግሞ ከክንድ በታች አደረግኩት። ኢንቨርተሩና ባትሪው አንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ፍላሹን ማራቅ ከፈለጋችሁ የሚረዝመው የ230ው ገመድ ይሁን።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ይሁን፤ በተቻለ መጠን አጠገቡ። የኔ 80 አምፔር ነው። ፊውዝ ፍላሹን ለማዳን አይደለም የሚገባው፤ ሽቦውን ለማዳን ነው። እነዚህ ሴሎች ሾርት ከተደረጉ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃሉ። ሽቦው ፍም ይሆናል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ፕላስቲክ ነው። ቢኤምኤስ አለ ብላችሁ ፊውዝ እንዳትተዉ። ቢኤምኤስ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ሲበላሽ ተከፍቶ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ፊውዝ ግን ብረት ነው፤ ይቀልጣል፣ በቃ። ስትሠሩ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። የብሎን መፍቻ ቁልፉን እጀታ በኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልሉት። ይሄን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ እኔም ሁሌ የማደርገው ነው።

ኢንቨርተሩን መጀመሪያ ስታገናኙ "ጧ!" የሚል ብልጭታ ታያላችሁ። የኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ባዶ ስለሆኑ ባንዴ ይሞላሉ። ቢኤምኤሱ ይሄን ሾርት መስሎት ሊዘጋ ይችላል፤ መሰኪያውም እየተቃጠለ ይሄዳል። አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ከዋናው ማብሪያ ጎን ለጎን ትንሽ ቁልፍ እና 25 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ማድረግ ነው። መጀመሪያ ትንሿን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ትጫናላችሁ፤ ካፓሲተሮቹ በዝግታ ይሞላሉ። ከዚያ ዋናውን ታበራላችሁ። ብልጭታ የለም፣ ድምፅ የለም።

ፍላሹን ራሱን ግን አትክፈቱ። "ለምን ኢንቨርተሩን አስቀርተን ከባትሪው በቀጥታ ወደ ካፓሲተሩ አንሞላም?" የሚሉኝ አሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ባትሪ ውስጣቸው ያለው ዘመናዊ ፍላሾች የሚሠሩት እንደዚያው ነው። ግን ያ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጁ ሊቆይ ይችላል። 400 ጁል በደረት ላይ ካለፈ ልብ ሊያቆም ይችላል። ለልብ ማነቃቂያ የሚሰጠው ራሱ ከ360 ጁል አይበልጥም። እኔ እዚያ ውስጥ እጄን አልከትም፤ እናንተም ተዉት።

ሜዳ ላይ ስትወጡ መጀመሪያ የምታጠፉት ሞዴሊንግ መብራቱን ነው። ፍላሹ ሲተኮስ ጥላው የት እንደሚያርፍ የምታሳየዋ ትንሽ አምፑል ናት። ሃሎጅን ከሆነች 150 ዋት ትበላለች፤ ያለማቋረጥ። የኔ ሳጥን 256 ዋት-ሰዓት ነው። አምፑሏ ብቻዋን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ትጨርሰዋለች፤ አንድ ፎቶ ሳይነሳ። ጠፍታ ከሆነ ግን ሌላ ነው። የሳጥኑን ሰማንያ በመቶ ብንጠቀም፣ በሙሉ ኃይል ከ1,200 በላይ ብልጭታ ይወጣል። ኃይሉን ወደ ግማሽ ካወረዳችሁ እጥፍ ነው። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሠራም ጥቂት ዋት ስለሚበላ፣ ረጅም ዕረፍት ስታደርጉ አጥፉት።

ሁለት ፍላሽ በአንድ ሳጥን መሥራት ይቻላል ወይ? ሁለቱም አብረው ስለሚተኮሱ አብረው ይሞላሉ፤ 47ቱ አምፔር 94 ይሆናል። የኔ ሳጥን ይሄን አይችልም። ኃይላቸውን ወደ ሩብ ሳወርድ ግን ይሠራሉ፤ የሚሞላው ትንሽ ስለሆነ መሙላቱ ቶሎ ያበቃል። አንዳንድ ፍላሾች በዝግታ የመሙላት ምርጫ አላቸው። ካለ ተጠቀሙበት። ከዚህ ውጭ ግን አንድ ትልቅ ሳጥን ከመሥራት ሁለት ትናንሽ ብትሠሩ ይሻላል። መሸከሙም ይቀላል፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።

ኤልኢዲ የምትጠቀሙ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልጋችሁም። የኤልኢዲ መብራት እኩል እኩል እየሳበ ነው የሚሠራው። 60 ዋት ከሆነ ሁሌም 60 ዋት ነው። የመብራቱን ጀርባ እዩ። የዲሲ (በቀጥታ ከባትሪ የሚወስድ) መግቢያ ካለው ኢንቨርተሩን እርሱት። የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ 230 ቮልት ከፍ አድርጎ፣ መብራቱ ውስጥ ደግሞ ወደ ዲሲ መልሶ ማውረድ ሁለት ጊዜ ማባከን ነው። መግቢያው ላይ የተጻፈውን የቮልት ክልል ብቻ አረጋግጡ። 12.8 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 14.6 ነው፤ በክልሉ ውስጥ መሆን አለበት። እንዲህ ሲሆን የኔ ሳጥን ለ60 ዋት መብራት አራት ሰዓት ያህል ይሰጣል።

ሁሉ ነገር ከተገጠመ በኋላ ቤት ውስጥ ፈትኑት። እኔ የማደርገው ይሄን ነው። ቴስተሩን የኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ አደርጋለሁ። ፍላሹን ሙሉ ኃይል ላይ አድርጌ፣ በሞላ ቁጥር እተኩሳለሁ። ቀጭኑ ድምፅ "ዊይይ" እያለ ከፍ ይላል፣ "ጢት" ይላል፣ ደግሜ እተኩሳለሁ። ዓይኔ ግን ቁጥሩ ላይ ነው። ከ13.2 ተነስቶ ሲሞላ 12.6 ገደማ ወርዶ ከተመለሰ ደህና ነው። 11 ድረስ ከወረደ የሆነ ቦታ ደካማ መገጣጠሚያ አለ። ያኔ ሁሉን አጥፍቼ፣ ባትሪውን ነቅዬ፣ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጄ እነካለሁ። የሚያቃጥለው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሽቦው ጫፍ ላይ ያለው የመዳብ ቀለበት በደንብ አልተጨመቀም። በፒንሳ የተጨመቀ አይበቃም፤ ለዚሁ የተሠራ መጭመቂያ ያስፈልጋል።

ቻርጀሩ የኤልኤፍፒ ይሁን፤ 14.6 ቮልት ላይ የሚያቆም። የመኪና ባትሪ ቻርጀር አንዳንዱ ባትሪ ለማደስ ብሎ ከ15 ቮልት በላይ ይልካል። ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ቦታ ቻርጅ አታድርጉ፤ ሴሉ ውስጥ ጉዳት ይደርሳል። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ገደማ ሞልታችሁ አስቀምጡት። ዝናብ ካለ ሳጥኑ አይወጣም፤ ከባትሪ የመጣ 230 ቮልትም ከግድግዳ እንደመጣው ይገድላል። አውሮፕላን ላይም አይሄድም። መንገደኛ ይዞት የሚገባው ባትሪ ያለ ፈቃድ እስከ 100 ዋት-ሰዓት፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ እስከ 160 ነው። የኔ 256 ስለሆነ በመኪና ብቻ ነው የሚጓዘው።

አሁን የማስበው ስለ 24 ቮልት ነው። ስምንት ሴል በተከታታይ 25.6 ቮልት ይሰጣል። ያው 600 ዋት ከ47 አምፔር ወደ 23 ይወርዳል። ሽቦው ይቀጥናል፣ ፊውዙ ያንሳል፣ ቢኤምኤሱም አይጨናነቅም። 10 አምፔር-ሰዓት ሴሎች ብጠቀም ክብደቱም አይጨምርም፤ የሚይዘው ያው 256 ዋት-ሰዓት ነው። ሴሎቹን ገዝቻለሁ፣ በትይዩ ታስረው እየሞሉ ነው። የቀረኝ መግቢያው 24 ቮልት የሆነ ንጹሕ ሳይን ዌቭ ኢንቨርተር ነው። የምታውቁትና በፍላሽ የፈተናችሁት ካለ፣ ሲሞላ ቮልቴጁ ስንት እንደሚወርድ ጭምር ጻፉልኝ።